የአማቴ ቢላዋ ሲታጠፍ

ባሌ ሃይደር እጁ ሥራ ከፈታ የሚታመም ሰው ነው። ኤርፖርት ካርጎ ሲጭንና ሲያወርድ ይውላል፤ ቤት ሲገባ እንደ ሰው አረፍ ይላል ስል በረንዳ ላይ ይጎለታል። መጀመሪያ የወፍ ጎጆ ሠራ፤ አንድም ወፍ ዞር ብሎ አላየውም። ቀጥሎ ሬዲዮ ፈታ፤ እስካሁን አልገጠመውም። እኔ ሆዴ ሲገፋ ደግሞ ከዩቲዩብ የሰንጢ አሠራር መማር ጀመረ።

"ሰንጢ ምን ያደርግልሃል? ዱርዬ ልትሆን ነው?" አልኩት።

"ለልጃችን ነው፤" አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወሎ እኛ ቤት አራስና ጨቅላ ያለ ብረት አይተኙም። አርባው ቀን እስኪሞላ ከሕፃኑ ራስጌ ቢላዋ ይቀመጣል። ሕፃን ብቻውን አይተውም፤ የግድ ከሆነ ግን ብረቱ ከጂን ይጠብቀዋል ይባላል። የሃይደር እናት እትዬ ሲቲ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ልጆቻቸውን ሁሉ ያሳደጉት በአንድ ቢላዋ ነው። ሲሞቱ ለሃይደር የደረሰው እሱ ነበር።

ሃይደር ግን ያን የሚያህል ስለት ከልጅ አጠገብ መተኛቱ አልተዋጠለትም። "ልጁ እጁን ቢሰድበትስ? እንዲታጠፍ አድርጌ እሠራዋለሁ። ታጠፈም ተዘረጋም ብረት ያው ብረት ነው፤" አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም ደስ አለኝ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ እየኖርኩ ጂን መፍራት ያሳፍረኛል፤ አለመፍራት ደግሞ ያስፈራኛል። የሚታጠፍ ቢላዋ ለሁለቱም የሚሆን መሰለኝ።

ቦሌ አራብሳ ያለው ቤታችን ግድግዳው ስስ ነው፤ ግራይንደሩ ሲጮህ ጎረቤት ሁሉ በሃይደር ተማረረ። የእናቱን ቢላዋ አሳጠረው፤ ከወገቡ በታች በድሪል በሳው፤ ከወይራ እንጨት እጀታ ሞርዶ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፤ በብሎን አያያዘውና ከጀርባው ሞላ ገጠመለት። ሲጨርስ አፌን ያዝኩ። እንዲህ ያማረ ነገር ከዚያ ከቆሻሻ በረንዳ ይወጣል ብዬ አልጠበቅኩም።

ሊና ተወለደች። እናቴ ልታርሰኝ ከደሴ መጣች፤ ከሃይደር ጋርም በሰንጢው ጉዳይ ተያያዙ። እሷ ትከፍተዋለች፣ እሱ ይዘጋዋል።

"አንተ ልጅ፣ እንቅልፋም ዘበኛ ቀጥረህ ነው እንዴ ልጅህን የምታስጠብቀው?" ትለዋለች።

"ስለት ነው እኮ እማማ፤ ይቆርጣታል።"

"እናትህ እናንተን ሲያሳድጉ ማንን ቆረጠ?"

እኔ በሁለቱም እስቅ ነበር። ብዙም ሳትቆይ እናቴ የአክስቴን ሞት ተረድታ ወደ ደሴ ተመለሰች። ሰንጢውን ዘግቼ ከልጄ ትራስ ጎን አኖርኩት።

ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈለገው ሰዓት ነው። በመጣ ጊዜ የያዙትን ጥሎ ጀሪካን ይዞ መሮጥ ነው። ያን ቀን ረፋዱ ላይ ከደረጃው "ውሃ መጣ!" የሚል ጩኸት ሰማሁና ሊናን አስተኝቼ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጥኩ። ሞልቼ ስመለስ ሰንጢው ተከፍቷል። ቤት ውስጥ ማንም የለም፤ ሃይደር ሥራ ነው። ዘጋሁት። ልብሷን አስጥቼ ስመለስ እንደገና ተከፍቷል፤ ስለቱ ወደ ቁም ሳጥኑ ዞሯል። ወላሂ፣ ፀጉሬ ቆመ።

ማታ ለሃይደር ነገርኩት። ካቻቪቴውን አምጥቶ ሰንጢውን ገለባበጠው። "ሞላው ላልቷል፣ ሌላ ምንም አይደለም፤" አለ። ሰው የሠራው ነገር ሲበላሽ ያፍራል እንጂ አይፈራም። ጠንካራ ሞላ ቀየረለት፤ በዚያም አልበቃው፣ ካልተጫኑት የማይለቅ መቆለፊያ ጨመረለት። "እስቲ አሁን ይከፈት!" ብሎ ፎከረ።

አልተከፈተም። ከዚያ ወዲህ ግን ሊና ማልቀስ ተወች።

መጀመሪያ እሰይ አልኩ። ቀጥሎ የጡቷ ሰዓት ሲያልፍ ዝም፣ ጨርቋ ሲርስ ዝም። ዓይኗን ቁም ሳጥኑ ላይ ተክላ ትውላለች፤ አንዳንዴ ወደዚያው ፈገግ ትላለች። ለእኔ ግን አንድም ቀን አልሳቀችልኝም። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ አገላብጣ አየቻትና "ምንም የላትም፤ እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!" አለችኝ። ጨዋነቷን ባልወደድኩት! ለእናቴ ደወልኩ።

"ሰንጢው ክፍት ነው?" ነበር የመጀመሪያ ጥያቄዋ።

"አይ፣ ሃይደር ቆለፈው።"

"ልጄ፣ ሂጂና ክፈቺው፤" አለችኝ።

ስልኩን ሳልዘጋው ከደረጃው "ውሃ መጣ!" ተባለ። ቤት ውስጥ የምትጠጣ ጠብታ አልነበረችም። አንዷን ጀሪካን ብቻ ከቧንቧው ሥር ደቅኜ ልመለስና ሰንጢውን ልከፍት ሮጥኩ። ጀሪካኗን እያስተካከልኩ ሳለ ነው ከመኝታ ቤት ድምፅ የሰማሁት። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

ሰንጢው ትራሱ ጎን በራሱ ይንቀጠቀጣል። ስለቱ እጀታው ውስጥ ሆኖ መቆለፊያውን ይመታል። ሊና ካስተኛኋት ቦታ የለችም፤ ከግድግዳው ተጠግታለች። ገና መገልበጥ እንኳ የማትችል ልጅ! ከአጠገቧ ፍራሹ ጎድጉዷል፤ ልክ አንድ ሰው ክንዱን ተንተርሶ ጋደም ሲል እንደሚጎደጉደው። ከንፈሯ ሊጠቁር ደርሷል።

መቆለፊያውን ተጫንኩ። አልለቀቀም። በጥፍሬ፣ በጥርሴ ታገልኩት፤ ባሌ ጎበዝ ነውና እንቢ አለ። በሕይወቴ የባሌን ጉብዝና እንደዚያን ቀን ጠልቼ አላውቅም። መዶሻውን ከበረንዳ አምጥቼ ሰንጢውን ሴራሚኩ ላይ ፈጠፈጥኩት። ወይራው ተሰነጠቀ፣ ሞላው ተፈናጠረ፣ ስለቱ ወጣ።

የጎደጎደው ፍራሽ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ሊና ትንፋሿን ሳበችና ጮኸች። ጎረቤት የሚሰማው፣ የተባረከ ጩኸት! አለቀስኩ፤ አልሐምዱሊላህ እያልኩ ስለቱን ከራስጌዋ ላኖር አነሳሁት።

ግማሹ ብቻ ተነሳ። ሃይደር በድሪል ከበሳው ላይ ተሰብሮ ሌላው ግማሽ ወለሉ ላይ ቀርቷል። ሊና ከጩኸቷ መሀል ድንገት ዝም አለች፤ ዓይኗም ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደ። አርባ ቀኗ ገና ነው።

አልጋው ላይ ወጣሁና ቅድም በጎደጎደው ቦታ እኔው ተኛሁበት። ልጄን ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኳት፤ የተሰበረውንም ብረት በሌላው እጄ። መታጠቢያ ቤት ጀሪካኑ ሞልቶ ውሃው ይፈሳል፤ ይፍሰስ።

ከጀርባዬ ፍራሹ ረገብ አለ። አልዞርኩም። ብርድ አንገቴን ነካኝ፤ አሁንም አልዞርኩም። የሊናን እግር ይዤ ቆነጠጥኳት።

"አልቅሺ የኔ ዓለም፣" አልኳት፤ "አባትሽ እስኪመጣ አልቅሺልኝ።"