የባነሩ አፍ

አንዱአምላክ ወንበር ላይ ቆሞ የነገውን የክርስትና ባነር ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሲወጥር፣ ሚስቱ መክሊት ልጃቸውን አዳነን ታቅፋ የታለበ የጡቷን ወተት በማንኪያ ታንጠባጥብለት ነበር። የልጁ የላይኛው ከንፈር እስከ አፍንጫው ተሰንጥቋልና ጡት መሳብ አልሆነለትም።

ቀና ስትል ማንኪያው እጇ ላይ ቀረ። በር የሚያህለው ፎቶ ላይ ግንባሩ የአዳነ ነው፣ ጆሮውም የአዳነ። ከንፈሩ ግን ድፍን ነው፤ ፈገግታ ሁሉ ተመርቆለታል።

"ይኼ የማን አፍ ነው?"

"ፎቶ ቤቱ ነው ያስተካከለው። አላማረም?"

"የማን ልጅ አፍ ነው አልኩህ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያገኙት ነው።"

አንዱአምላክ ደብረ ታቦር ውስጥ የቢሮ ኃላፊ ነው፤ ስለ ሳይንስ ንግግር ሲያደርግ አዳራሹ በሙሉ ያንቀላፋል። አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ሐኪሞች የእሱን ዘርና የእሷን እንቁላል በብልቃጥ ባዋሐዱ ጊዜ፣ ለዘመድ አዝማዱ "ስለቴ ሰመረ" ብሎ አወጀ። ልጁ ሲወለድ ስለቱን ረስቶ ብልቃጡን አስታወሰ። ሲፀነስ የእሱ ወንድነት የነበረው፣ ሲወለድ የሐኪም ጥፋት ሆኖ አረፈው። ሐኪሟ "የከንፈር መሰንጠቅ በብልቃጥ በሚፀነሱት ላይ ትንሽ ይበዛል የሚሉ ጥናቶች አሉ፤ ግን በማንም ልጅ ላይ ይመጣል፣ የእሱ በምን እንደመጣ አይታወቅም፤ ደግሞም ይሰፋል" ስትል፣ ጆሮው የያዘው የፊተኛውን ብቻ ነው።

የአንዱአምላክ እናት እማማ ሸዋዓለም ነጠላ ይዘው ከጓዳ ብቅ አሉ።

"ነገ በዚህ ፊቱን ትሸፍኝዋለሽ፣ ልጄ። ዓይን እንዳይበላው።"

"ዓይን የሚበላው የሚያምረውን ነው ሲሉኝ አልነበር፣ እማማ?"

"ምላስሽ ረዘመ።"

"ቄሱ ሲያጠምቁትስ?"

"ቄሱ የኛ ሰው ናቸው፤ አይናገሩም" አለ አንዱአምላክ ከወንበሩ ላይ። "ከዚያ ጓዳ ይተኛል። እንግዳው ባነሩን ያያል።"

"በብልቃጥ በተፀነሰው አፍረህ፣ በኮምፒውተር የተወለደውን ልታስመርቅ?"

"መክሊት፣ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ይመጣሉ። ምን ይሉኛል?"

"የአህያ ባል" አለችና ተወችው። ቀሪውን እማማ ሸዋዓለም በልባቸው ጨረሱት።

ድንኳን ተካዮቹ ሲጠሩት አንዱአምላክ ወጣ። መክሊት ልጁን ሳሎኑ ጥግ ያለው አልጋ ላይ አስተኝታ ወንበሩ ላይ ቆመችና ባነሩን አወረደችው። ወፍራም ላስቲክ ነው፤ ውኃ አያሳልፍም። ፎቶውን ወደ ላይ አድርጋ ከልጁ ጎን አነጠፈችው፣ የአዳነን ዳይፐር ፈታች፣ መቀመጫውን ልክ በዚያ ባማረው አፍ ላይ አሳረፈችው። ልጁም እናቱን አላሳፈራትም፤ ወዲያው ሸናበት።

"ምነው አንቺ" አሉ እማማ ሸዋዓለም።

መክሊት ነጠላውን ከእጃቸው ተቀብላ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው።

"ነገ እርስዎ ይልበሱት፣ እማማ። የጉና ተራራ ብርድ ለትልቅ ሰው አይሆንም። አዳነ ፊቱን ገልጦ ይሄዳል።"