የ«ጉድ ፈላ» የመጨረሻ ወሬ

መለከት ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ አርዕስቱን ቁልቁል ለቀቀው።

«ሞተ የተባለው ነጋዴ በገዛ ለቅሶው ላይ ተገኘ!»

መንገደኛው ዞር ብሎም አላየው። ከሥር ጋዜጣ የሚሸጠው ሰውዬ ብቻ ቀና አለ።

«ጋሼ፣ ይቺንማ ትናንት ከባለቤትዎ ሰማናት! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ እኮ ነገርዎ!»

አጠገቡ የቆሙት ሳቁ። መለከት መስኮቱን ዘጋው። ጆሮው ድረስ ግሎ ነበር።

መስኮቱ የ«ጉድ ፈላ» ጋዜጣ ደንብ ነው። የፊት ገጹ አርዕስት መጀመሪያ ወደ መንገድ ይጮኻል፤ እግረኛ ከቆመ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል፤ ካልቆመ እንደገና ይጻፋል። መለከት የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡለትም በዚያ ድምፁ ነው። በደጉ ዘመን እሱ መስኮት ሲከፍት ታክሲ ሳይቀር ይቆም ነበር። ጋዜጣው ረፋድ ላይ ያልቃል። ጉዱ የወጣበት ሀብታም ዘበኞቹን ልኮ ያገኘውን ቅጂ ሁሉ ያስገዛል፤ ሌላው ይህን ሰምቶ የባሰ ይሻማል። ከዚያ ወሬ በየኪሱ የሚያደርሰው የእጅ ስልክ መጣ። መጀመሪያ ማስታወቂያው ሸሸ፣ ቀጥሎ አንባቢው። ሙሉ ፎቅ የነበረው ቢሮ ዛሬ አንዲት ክፍል ሆኗል።

ሰው ሲቀነስ የመጀመሪያዋ ተሰናባች አራሚዋ ነበረች፤ የመለከት ሚስት። «እርማት ማንም ይሠራዋል» ብሎ የተስማማው ራሱ ነው። እሷም አላለቀሰች፣ ስልኳን የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አቁማ የከተማውን ወሬ በቪዲዮ ማውራት ጀመረች። አሁን ከተማው የሚያወራው እሷ ያወራችውን ነው። ሌላ ሰው ቢቀድመው ኖሮ «ቀን የሰጠው» ብሎ ያልፈው ነበር። ይቺ ግን ነጠላ ሰረዝ ስታርምለት የኖረች፣ አብራው የምትተኛ ሴት ናት። ቅናቱ አንጀቱን ያሳርረዋል። ያሳረረውን ደግሞ መጸዳጃ ቤት ገብቶ፣ ድምፁን ቀንሶ፣ አንድም ቀን ሳያስቀር ያየዋል።

ያን ቀን ከሰዓት አለቃው፣ የጋዜጣው ባለቤት፣ የቀሩትን ሠራተኞች ሰበሰባቸው።

«ቅዳሜ የመጨረሻችን ነው» አለ። «ቢያንስ የራሳችንን ሞት እኛው እናርዳ። ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ!» ከዚያ ወደ መለከት ዞረ። «በተለይ አንተ።»

መለከት ማዘን ሲገባው ደስ አለው። በመጨረሻ ሚስቱ የሌላት ወሬ አገኘ! ወደ ቤት ሲሄድ እርምጃው ራሱ ቀለል ብሎት ነበር።

ሚስቱ ወጥ ቤት የቪዲዮ መቅረጫ መብራቷን እያስተካከለች ነው።

«ዛሬ በደህና ነው? ፊትህ በርቷል።»

«ምን ይኖራል? ያው ነው።»

«ቢሮስ?»

«ሰላም ነው አልኩሽ!»

ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ትክ ብላ አየችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ውሸት መቼ ነው የምትለምደው?» አለች። «ቅዳሜ እንደምትዘጉ ሰኞ ነው የሰማሁት። የአለቃህ ሚስት እያለቀሰች ደወለችልኝ።»

መለከት የያዘውን ቦርሳ ማስቀመጥ ረሳ።

«ሰኞ? ታዲያ ለምን አላወራሽውም?»

«ያንተ ነዋ! የኖርክበት ቤት እኮ ነው። የመጨረሻዋን እንኳ ልቀማህ?»

ብትቀድመው ይሻለው ነበር። ሲጣፍጠው የመጣው ድል ለካ ከእሷ እጅ የወደቀ ፍርፋሪ ነው። ተናደደ፤ የሚናደድበት ደግሞ አጣ። በደግነትም በለጠችኝ ብሎ ሰው እንዴት ይከሳል? ቅዳሜ ያቺን መስኮት ከፍቶ ሲጮኽ ታየው። ማን ይቆምለታል? «ጉድ ፈላ» ሳይሰማ ሊቀበር ነው።

«ዛሬ ብታወሪው ስንት ሰው ይሰማል?» አላት።

«እሱን አላወራውም አልኩህ።»

«ስንት ሰው?»

«አገር ምድሩ ነዋ።»

ቦርሳውን መሬት ላይ ጣለው።

«ተነሺ።»

«ምን?»

«ከወንበሩ ተነሺ። አንቺ አይደለሽም የምታወሪው።»

«አለቃህስ?»

«ከአለቃዬ ጋር ነገ እንጣላለን።»

ሚስቱ ሳቅም እልህም በተቀላቀለበት ፊት አየችው፤ ከዚያ ተነሳችለት። መለከት ስልኩ ፊት ተቀመጠ። ኮቱን ቆለፈ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ያ መንገድ ያቆም የነበረ ድምፅ አልወጣ አለው። የዚህን ሥራ ሀሁ እንደማያውቅ የገባው ያን ጊዜ ነው። አቀረቀረና፣ በትዳር ዘመኑ ጠይቋት በማያውቅ ድምፅ፣

«ሳወራ የት ጋ ነው የማየው?» አላት።