የጋሽ ገብሬ እንጀራ ልጅ

«ኧረ ተቀመጪ ረድኤት! ሐዘንተኛ እንግዳ ሲያስታጥብ የት አየሽ?» አለች ጎረቤቷ አልጣሽ።

ረድኤት አልሰማችም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ጆግና ሳፋ ይዛ ድንኳኑ ውስጥ ትዞራለች። ጋሽ ገብሬ ካረፉ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ሁለቱን ቀን ፍራሹ ራስጌ ተቀምጣ «እግዜር ያጽናሽ» ስትባል ውላለች። ዛሬ ግን የአብራካቸው ክፋይ ስምኦን ከአዲስ አበባ ይገባል። እሷ እንጀራ ልጅ ናት። ተነሺ ከመባል ቀድሞ መነሳት ይሻላል።

በዘጠኝ ዓመቷ፣ እናቷን ተከትላ ጁባ በመጣች ሰሞን፣ «እንጀራ አባት ምን ማለት ነው?» ብላ ጠይቃቸው ነበር። ጋሽ ገብሬ ምግብ ቤታቸውን ቃኘት አደረጉ።

«ሳይወልድ እንጀራ አብልቶ የሚያሳድግ ነው ይላሉ። እንዲያ ከሆነማ በሰፈራችን በጉምቦ የሚያልፍ ሾፌር ሁሉ ልጄ ነዋ!»

ረድኤት ሳቀች። እሳቸው ግን ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ሾፌሩን አቀርብለትና ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። አንቺን እስክትጠግቢ ቁጭ ብዬ አይሻለሁ።»

እናቷ የሞተች ጊዜም እንደዚያው አደረጉ። ሳህኗ ባዶ ሳይሆን ከጎኗ አይነሱም ነበር።

ድንኳኑ በር ላይ መኪና ቆመና ለቅሶው እንደገና ጋለ። ስምኦን አልቅሶ ሲወጣለት ራስጌው ላይ አስቀመጡት። ምግብ ቀረበ። ረድኤት አንገቷን ደፍታ ጆጉን ይዛ ቀረበችው።

«ረድኤት አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«አባቴ በደወለ ቁጥር ‹እህትህን ጉንፋን ያዛት፣ እህትህ ፈተና አለፈች› ይለኝ ነበር። ታዲያ ምን ሆነሽ ነው የምታስታጥቢው?»

«ቦታው ያንተ ነው ብዬ . . .»

ስምኦን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔንም ያሳደገኝ እንጀራ አባት ነው። ዕድሜ ይስጠውና፣ እሱ የሚያርፍ ቀን ከፍራሹ የሚያስነሳኝ ሰው እንዲኖር አልፈልግም።»

ሦስት ቀን ደረቷ ላይ የከረመው ክብደት ወረደላት። እፎይ አለች፤ እንባዋም ያኔ መጣ።

«እኔ ብናገር መች ትሰማኛለች!» አለች አልጣሽ ዓይኗን እየጠረገች።

ስምኦን ጆጉንና ሳፋውን ከእጇ ተቀብሎ፣ ጠጋ ብሎ ከራስጌው ቦታ ለቀቀላት። ረድኤት ነጠላዋን ከወገቧ ፈትታ፣ እንደ ሐዘንተኛ ተከናንባ ተቀመጠች። ስምኦን ሊያስታጥባት ጆጉን አነሳ።

እሷም ሁለት እጆቿን ሳፋው ላይ ዘረጋች።