የአቻምየለህ ምራቅ

ባሌ አቻምየለህ ሰላምታ ከመስጠቱ በፊት ዘር የሚጠይቅ ሰው ነው። «የማን ልጅ ነህ? የማን የልጅ ልጅ?» ይላል፤ መልሱ ካልጣመው እጁን አይዘረጋም። ደርግ ሊወድቅ ሲል እኛን አይሁዶቹን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአይሮፕላን ሲጭኑን፣ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ፣ ግማሹ ሲያለቅስ ግማሹ ሲጸልይ፣ እሱ ጆሮዬ ሥር ገብቶ «አጠገቤ ያስቀመጧቸው እነማን ናቸው?» ይለኝ ነበር። ኔታንያ ከተማ ገብተን ፋብሪካ ውስጥ ሣጥን ሲጭን ኖረና ጡረታ ወጣ። ዘር መቁጠሩ ግን ጡረታ አልወጣም።

ልጃችን ኤፍራት እዚሁ ነው የተወለደችው፤ ነርስ ናት። ኤሊያቭን አገባለሁ ስትለን ደስ አለኝ። ልጁ ኢር ያሚም ሰፈር ላይ የሚሠሩትን ፎቆች መብራት የሚዘረጋ፣ እናቱን የሚጦር፣ ሲያወሩት ዓይን ዓይን የሚያይ ልጅ ነው። አቻምየለህ ግን እናቱ ፈንታነሽ መሆኗን ሲሰማ የጠቀለለውን ጉርሻ ሳሕኑ ላይ መለሰው።

«ያቺ ፈንታነሽ? አያቷ በአያቴ ቤት ስትፈጭ የኖረች ባሪያ ናት! ልጄን ለባሪያ?»

ኤፍራት ቃሉን አላወቀችውም። ወደ እኔ ዞራ «ባሪያ ማለት ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ዔቬድ» አልኋት በዕብራይስጥ።

ሳቋ አመለጣት። «እኛስ ግብፅ ምን ነበርን? በየፋሲካው ቁጭ ብለን የምናነበው ምንድን ነው አባ?»

አቻምየለህ ተነሥቶ በሩን ወርውሮ ወጣ።

ወሬው በዚያ ያበቃ ነበር፤ ጎረቤታችን ጊዶን ባይኖር። ኪርያት ሀሻሮን ሰፈር የምንኖርበት ፎቅ ላይ ከእኛ በላይ ያለ ፈረንጅ አይሁድ ነው። አንድ ቀን ማዓሊት በሚሉት አሳንሰር ውስጥ አብረን ወደ ላይ ስንወጣ፣ ሳይጠየቅ፣ «ዲ.ኤን.ኤ. አስመረመርሁ» አለን። «አባቶቼ ከዚሁ ምድር እንደወጡ ተጽፎ መጣልኝ። እናንተ ግን ወደ ሃይማኖቱ በኋላ የገባችሁ ናችሁ፣ አይደል? እንዲያ ሰምቻለሁ።» ይህን የሚለው ፈገግ ብሎ፣ ከረሜላ እንደሚያቀምሰን ሁሉ ነው። አቻምየለህ ደረቱን ነፋ። «እኛ ከኢየሩሳሌም የወጣን ነን!» አለው። እኔ በመካከላቸው ቆሜ የማዓሊቱን በር አየሁ። አንድ ጉድፍ ላይ የወጡ ሁለት አውራ ዶሮዎች ነው የመሰሉኝ።

ቤት ሲገባ ኤፍራትን ጠራት። «ያንን ምርመራ አስመጪልኝ። ለዚያ ፈረንጅ አሳየዋለሁ። ያንቺም እጮኛ ይመርመር። የእኔ ኢየሩሳሌም ሲል የእሱ የት እንደሚል እናያለን።»

«በሴደር፣ እሺ» አለች። «ከዚያ በኋላ ግን ስለ ሰርጌ አፍህን አትከፍትም።»

«እሱ እንደ ውጤቱ ነው።»

ዕቃው ከውጭ አገር በፖስታ መጣ፤ ምራቅ የሚተፋበት ትንሽ ቱቦ ነው። አቻምየለህ ለዚህች ምራቅ ገላውን ታጠበ፣ ለአስተሥርዮ የሚለብሳትን ነጭ ነጠላ ለበሰ። ቱቦዋን እንደ ጽዋ በሁለት እጁ ይዞ፣ ከንፈሩን አሞጥሙጦ ሲታገል አየሁት። ሰው በምራቁ ሊኮራ ሲዘጋጅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ኤሊያቭ ደግሞ የሥራ ልብሱን ሳያወልቅ፣ እየሳቀ፣ እንትፍ አድርጎ ከደነው።

ውጤቱ ዓርብ ከሰዓት ደረሰ። ኤፍራት ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አኖረችልን። ካርታ ነው። ኢየሩሳሌም የሚል ነገር የለበትም፤ ትልቅ ቀይ ክብ ኢትዮጵያ ላይ ተቀምጧል። ከዚያ አካባቢ ደግሞ ቀስቶች ይነሣሉ፤ ቀይ ባሕርን ይሻገራሉ፣ ዓረብ አገርን ያልፋሉ፣ እስከ ዓለም ጥግ ይሄዳሉ።

«ይኼ የጥንት ሰዎች የሄዱበት መንገድ ነው» አለች ኤፍራት። «ከስድሳ ሺህ ዓመት በፊት ገደማ። የሰው ዘር ሁሉ ከአፍሪካ ነው የወጣው። የጊዶንም አባቶች ጭምር።»

«ስድሳ ሺህ?» ጮኸ። «ዓለም ከተፈጠረች ገና ስድስት ሺህ አልሞላት! ማሽኑ የፈረንጅ ነው፤ ጥቁር ሲያይ አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው።»

የመጨረሻዋ ነገር እንኳ እውነት ሳትሆን አትቀርም። የተናገራት ግን ለእውነት ብሎ አይደለም።

አጠገቧ የተቀመጠው ኤሊያቭ የራሱን ከፈተ። ያው ክብ፣ ያው ቀለም። አቻምየለህ ፊቱን አዞረ። ልጁ ወደ ታች አነበበና ስልኩን ለኤፍራት ሰጣት። እሷም ደግማ አነበበችው።

«ምን ይላል?» አልሁ።

«ዘመዶች የሚል ቦታ አለው» አለች። «አባና ኤሊያቭ ሥጋ ዘመድ ናቸው ይላል። ቅርብ ናቸው፤ ሦስት ትውልድ ያህል።»

የሚያፍር መስሎኝ ነበር። ምን ያፍራል! ዓይኑ በራ፤ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው።

«ሰባት ቤት አልሞላም!» አለ። «በእኛ ሕግ ሰባት ቤት ሳይሞላ ጋብቻ የለም። ልጁ ዘመዴ ነው፤ ሰርጉ ቀረ! ሽማግሌዎቹ ጋብቻውን ሊመርቁ እሑድ ሲመጡ እነግራቸዋለሁ።»

ምሳ ላይ ባሪያ የነበረው ልጅ ሳይመሽ ሥጋው ሆነ። አርባ ዓመት አብሬው ስኖር ብዙ ትንሽነት አይቻለሁ፤ ይህን ያህል ትንሽ ይሆናል ብዬ ግን አላሰብሁም።

«ራባኑት ያሉት ረቢዎች ከዚህ የቀረበውንም ያጋባሉ» አለችው ኤፍራት። አልሰማትም። ኤሊያቭ ለእናቱ ደወለላት።

ፈንታነሽ ሰንበት ሳይገባ ደረሰች። ወንበር ሳብሁላት፤ አልተቀመጠችም። እስከዚያ ቀን አቻምየለህን «አንቱ» ነበር የምትለው።

«አንተ» አለችው። «እናቴ የማን ልጅ እንደሆነች ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። አባቷ አያትህ ነው። ለዚህ ምራቅ መትፋት አያስፈልግም ነበር።»

«ታዲያ እያወቅሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል? አቻምየለህ ዘመዴ ነው ብዬ ማን ፊት ልኩራ?»

ሊናገር አፉን ሲከፍት በእጇ አስቆመችው።

«ለሽማግሌዎቹ ንገር፤ አልከለክልህም። ስትናገር ግን ከመጀመሪያው ጀምር። አያቴ በቤቱ የምትፈጨውን ልጅ በግድ ይዞ አስረገዛት በል። የወለደችለትን የገዛ ልጁን እስክታገባ ድረስ ውሃ ሲያስቀዳት ኖረ በል። ይህን ከጨረስህ በኋላ ሰባት ቤቱን ቁጠርላቸው። ሰባት ቤት የሚቆጠረው ቤት ላለው ነው። እኛን ከቤታችሁ መቼ ቆጥራችሁን ታውቃላችሁ?»

ይህን ብላ ሄደች። ኤሊያቭ ሊሸኛት አብሯት ወጣ።

ሰንበትን ሙሉ አቻምየለህ ጥጉን ይዞ ዋለ። አያቱ ለእሱ ምን እንደሆኑ አውቃለሁ፤ በየለቅሶው፣ በየግርዛቱ፣ ማይክ ባገኘ ቁጥር «እኔ የእገሌ የልጅ ልጅ» እያለ የሚቆምባቸው መሬቱ ናቸው።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ፈንታነሽም ልጇን ይዛ ከፊት ለፊታችን ተቀመጠች። እንደ ወጉ ትልቁ ሽማግሌ ጠየቀ፦ «ወገኖቼ፣ ከማጋባታችን በፊት ተናገሩ። በመካከላችሁ ዝምድና አለ?»

ፈንታነሽ ቀና ብላ አቻምየለህን አየችው። ኤፍራትም አየችው። እኔ ደግሞ ምናልባት አንድ ጊዜ እንኳ ሰው ይሆን ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ።

አቻምየለህ ሳቀ። «እኛና እነሱ?» አለ። «ወዴት ተገናኝተን!»

ሽማግሌው መረቀ። ፈንታነሽ አሜን አላለችም፤ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ መስኮቱ ተመለከተች።

ሰርጉ ባሕሩ አጠገብ ባለ አዳራሽ ሆነ። ልጆቹ እስክስታውን ከዕብራይስጡ ዘፈን ጋር እየቀላቀሉ ጨፈሩ፤ ኤፍራት ጫማዋን አውልቃ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። አቻምየለህ የክብር ቦታ ላይ ተቀምጦ እንግዳ ይቀበላል። አንድ የድሮ ጓደኛው መጥቶ ትከሻውን መታ፤ «አንተ የሠለጠንህ ሰው ነህ» አለው። «ሌላው ዘር እየቆጠረ ልጁን ያስለቅሳል። አንተ ግን ሳትንቅ ሰጠህ።»

ባሌ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አኑሮ፣ «ምን ይደረግ ወንድሜ፣ ሰው ሁሉ አንድ ነው» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት።

ሳሕኔን ይዤ ተነሣሁ። «ወዴት ነው?» አለኝ። ፈንታነሽ ወዳለችበት ጠረጴዛ ሄድሁና አጠገቧ ያለውን ወንበር ሳብሁ። ወንበሩ ላይ የነበረውን ቦርሳዋን አንሥታ ቦታ ለቀቀችልኝ፤ ዳቦውን ወደ እኔ አስጠጋችና «ብይ፣ ከጠዋት ጀምሮ ምንም እንዳልቀመስሽ አውቃለሁ» አለችኝ።