ደረጃው ላይ ያለው መቀጠያ

ባሌ እኔ ያጠበቅሁትን መጋጠሚያ ሁሉ ይፈታ ነበር። ሥራችን የሰው ምድር ቤት የሞላውን ውሃ በሞተር መሳብ ነው። ሰው ፊት፣ አንድም ቃል ሳይናገር። ጎማውን ከውሃ መሳቢያው ሞተር ጋር ገጥሜ፣ በመፍቻ አጥብቄ፣ እጄን ጠርጌ ዞር ስል ይመጣና ይፈታዋል። ጎሚኒውን፣ ያቺን የጎማ ቀለበት፣ አውጥቶ በአውራ ጣቱ ያብሳትና ራሱ መልሶ ይገጥመዋል። ትዳራችን ሙሉ እንዲህ ነበር። ሰፈሩ «ፍታው» የሚል ስም አወጣለት፣ እኔም «የፍታው ሚስት» ሆኜ ቀረሁ። ሰው ይስቃል፣ እኔ ግን አልሳቅሁም። «ምኑ ጎደለ?» ስለው «አየር» ይለኛል። በቃ። እውነት አየር ያስገባ እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ ሳይፈታው አስነስቶ አላየልኝም።

ሞተ። ገና ለቅሶው ላይ ሳለን ምድር ቤታችን ውሃ ሞላ።

ዝናቡ ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ አላባራ ብሎ ነበር። ለቅሶ ደራሾቹ ሻያቸውን ይዘው ሲያንሾካሹኩ ከእግራቸው ስር የጣውላው ወለል ይረጥብ ጀመር።

«የሰው ምድር ቤት ሲያደርቅ ኖሮ የራሱ ይሙላ?» አለች ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ።

«ዝም በይ፣ ትሰማሻለች» አሏት። ሰምቻለሁ።

የባሌ ወንድም ሞተሩን ግቢ አውጥቶ አስነሳው። መሳቢያው ጎማ በምድር ቤቱ መስኮት ገብቶ በደረጃው ይወርዳል። አንዱ ስለማይደርስ ሁለት ጎማ ተቀጥሏል፤ መቀጠያው ደረጃው መሃል ላይ ያርፋል። የቀጠለው ባሌ ነው። ዝናብ ሳይመጣ ብሎ፣ አልጋ ላይ ሊውል ሲል የሠራው የመጨረሻ ሥራው ነው።

ሞተሩ ግቢው ውስጥ አጉረመረመ። ውሃ ግን ጠብ አላለም። በምትኩ ከደረጃው አንድ ድምፅ መጣ። «ሲ...ር።» ረጅም፣ ቀጭን ፉጨት። ቆም አለ። «ሲ...ር።»

ባሌ ሲታመም አጠገቡ የተቀመጠ ሁሉ ያን ድምፅ ያውቀዋል። ሳንባው ነበር የታመመው። መጨረሻ ላይ ትንፋሽ ሲስብ ልክ እንዲህ ነበር፤ መሃሉ ላይ ይቋረጥና ሰው ቆመ ብሎ ሲደነግጥ እንደገና ይቀጥላል።

አማቴ ከፍራሹ ተነሥተው፣ ግድግዳ እየዳሰሱ ሄደው ደረጃው አናት ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ ነው» አሉ።



«ኧረ አጥፉት፣ ጸጉሬ ቆመ!» አለች ልብስ ሰፊዋ። የባሌ ወንድም ሮጦ አጠፋው። ሞተሩ ዝም አለ። ፉጨቱ ግን ዝም አላለም። «ሲ...ር።»

«የሚመለሰው ውሃ ነው» አልኩ ጮክ ብዬ። «ወደ ታች ሲመለስ አየር ይስባል።» ይህን ብዬ ሳልጨርስ ጎማው ገና አንድ ጣሳ ውሃ እንኳ እንዳልሳበ ትዝ አለኝ።

ባሌ ለደንበኞቹ ሲያስረዳ ጎማ ይዤ እሰማው ነበር። ለእኔ ግን ነግሮኝ አያውቅም። «መግፊያው ጎማ ላይ ክፍተት ካለ ውሃ ወደ ውጭ ይረጫል፣ ታየዋለህ። መሳቢያው ላይ ግን አየር ወደ ውስጥ ይገባል፤ አይታይህም፣ ይሰማሃል እንጂ» ይላቸዋል። አልገጥም ባለ የመጋጠሚያ ጠመዝማዛ ጥርስ መሃል ጨርቅ የሚጠቀጥቅ ሰው ሲያይ ደግሞ ይናደዳል። «እጁን መቁረጥ ነበር!»

መፍቻውን አነሣሁ።

«እንዳትነኪው!» አለኝ ወንድሙ። «የእሱ እጅ ያረፈበት ነው። ደግሞ አንቺ ከመቼ ወዲህ ነው የሱን ሥራ የምትፈቺው?»

«ከዛሬ ወዲህ።»

አማቴ የቀሚሴን ጫፍ ያዙኝ። «እባክሽ ልጄ፣ ትንሽ ልስማው።»

ውሃው ታች ሆኖ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ወለሉ ከበሰበሰ ከነሐዘናችን የምንገባበት የለንም። ቢሆንም አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ሁለታችንም ሰማነው። ሲቆም እሳቸውም ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ ሲቀጥል ይለቃሉ።

«እማማ፣ ወለሉ ሊሄድብን ነው» አልኳቸው በኋላ።

ቀሚሴን ለቀቁት።

መቀጠያው ገና በመፍቻ ነካ ሳደርገው ላላ። የእሱ ሥራ እንዲህ አይላላም። የመቀጠያውን ሁለት የናስ አፎች በጥፍሬ ዳሰስኳቸው። ሲያዩአቸው መንታ ናቸው፤ የአንዱ ጥርስ ግን ወፍራም ነው፣ የሌላው ደቃቅ። እንዲህ ያሉት አንድ ሁለት ዙር ይስማሙና ከዚያ ይነካከሳሉ። ዓይኑን ጨፍኖ የሚለያቸው ሰው አጋብቷቸዋል። መሃላቸው ደግሞ ጨርቅ ተጠቅጥቋል። የሰማያዊ የሥራ ሸሚዙ እጅጌ ነው።

ያኔ ሲቀጥለው እጁ ከድቶት ነበር ማለት ነው። ወጥ ቤት ነበርኩ፤ አንድ ጊዜ ቢጠራኝ እሰማው ነበር።

ናሱ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ጨርቁ ግን ሞቅ ያለ ነበር፣ አሁን ከገላ ላይ እንደወለቀ። ሰው ሳያየኝ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት።

ከመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ ጥርሱ የሚስማማውን የናስ አፍ በጥፍሬ እየለየሁ አወጣሁ። የሚስማማ መጋጠሚያ መፍቻ ሳይነካው በእጅ ብቻ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ሄደ። ጎሚኒዋን በአውራ ጣቴ አበስኳት። አጠበቅሁ።

«ምን ነበረበት?» አለኝ ወንድሙ ከላይ።

«ምንም። ጎሚኒዋ አርጅታ ነው። ሥራውስ እንደ ሁልጊዜው ነው። አስነሣው!»

ጎማው ተንፈራገጠ፣ ከበደ፣ ሞላ። ውጭ ውሃው መንገዱ ላይ ሲዘረገፍ ሰማን። ደረጃው ላይ ምንም ድምፅ የለም።

«ዝም አለ?» አሉ አማቴ።

«ዝም አለ፣ እማማ።»

ለቅሶ ደራሾቹ እሳቸውን ደግፈው ወሰዷቸው። እኔ ቀረሁ። መቀጠያው እንደጠበቀ ነው፣ ውሃው ታች ደረጃ በደረጃ ይጎድላል። መፍቻውን ደረጃው ላይ አስቀመጥኩት፤ እጀታውን ሁልጊዜ እሱ ወደሚመጣበት በኩል አዞርኩት። ከዚያ እንደ ድሮው እጄን በቀሚሴ ጠረግሁና ጀርባዬን ሰጥቼ ጠበቅሁ።