«አትክፈት» የሚለው መንገድ

መቀስ የሚለውን ስም ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። ፊልም የምትቆርጥና የምትቀጥል ኤዲተር ነበረች። ተዋናይ ቃል ቢስት፣ ካሜራ ቢንቀጠቀጥ፣ ዝናብ ሳይጠሩት መሃል ቢገባ፣ እሷ ከወዲያ ከወዲህ ቆራርጣ ስትገጣጥመው ስፌቱ አይታይም። «መቀስ የቀጠለችውን ሰይጣንም አይፈታው» ይሏት ነበር፤ እሷም በዚህ ደስ ይላታል።

ያሳደጓት አጎቷ፣ የእናቷ ወንድም ናቸው። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ሲሆኑ በጉልምስናቸው ዘመን ልጆች «ዝላይ መጽሐፍ» የሚሏቸውን መጻሕፍት ጽፈዋል። ዝላይ መጽሐፍ እንደ ሌላው መጽሐፍ ከፊት ወደ ኋላ አይነበብም። ታሪኩ አንድ መታጠፊያ ላይ ይደርስና አንባቢውን ይጠይቀዋል፦ በሩን ታንኳኳለህ? እንግዲያው ወደዚህ ገጽ ዝለል። ትመለሳለህ? ወደዚያኛው ዝለል። ልጆች መጽሐፉን ሲያነቡ ምናልባት ብሳሳት ብለው አንዱን ጣታቸውን የቀድሞው ገጽ ላይ ሰክተው ነበር የሚሄዱት።

ከመጻሕፍቱ ሁሉ የተወደደው የድልድይ ጠባቂው ታሪክ ነው። ድልድዩ ተሰንጥቆ በሩ ተዘግቷል። ዶፍ እየወረደ አንዲት እናት የታመመ ልጅ ታቅፋ ትመጣና «ክፈትልኝ» ትላለች። «ክፈት» ያለ አንባቢ ከእናትየው ጋር በሚንቋቋው ድልድይ ላይ እየተንቀጠቀጠ ይሻገራል። «አትክፈት» ያለ ግን ሌላ ታሪክ ይጠብቀዋል፤ ጠባቂው ልጁን ከእናቱ ተቀብሎ ያዝልና ወንዙን ዳር ዳሩን ይዞ፣ እየወደቀ እየተነሳ፣ መሻገሪያ ፍለጋ ይጓዛል። ይህ ሁለተኛው መንገድ ከሕይወት የተቀዳ መሆኑን ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል። ያዘሉት አጎትየው፣ የታዘለችው መቀስ ራሷ ነበረች፤ ትኩሳት ይዟት ሐኪም ቤት ሲወስዷት።

አንድ ፕሮዲዩሰር ይህን መጽሐፍ ተመልካች ራሱ የሚመራው ፊልም ላድርገው ብሎ ተነሳ። በሲኒማ ቤቱ እያንዳንዱ ወንበር ላይ አረንጓዴና ቀይ ቁልፍ ይገጠማል፤ ፊልሙ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ሕዝቡ ይጫናል፤ ብዙ ድምፅ ያገኘው መንገድ ይታያል። ኤዲተሯ መቀስ እንድትሆን ተስማሙ።

አጎቷ ሲፈቅዱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «መንገዶቹን እንዳትነኩብኝ። አየሽ ልጄ፣ መጽሐፍ ሲሆን አንባቢው ያልሄደበትን ገጽ በእጁ ይዞታል። ከጠረጠረ ገልጦ ያያል። ፊልም ላይ ግን ያላየውን በምን ያውቃል? እናንተን ከማመን በቀር ምን አለው?»

«አያስቡ ጋሼ» አለች መቀስ።

ቀረጻው መልካም ሄደ፤ የመጨረሻው ክፍል እስኪደርስ። ወንዙ ሞላና ዳርቻው ጭቃ ሆነ፣ መኪና አላስገባ አለ። ውሃው ሲጎድል ደግሞ ጠባቂውን የሚጫወተው ተዋናይ ሌላ ሥራ ይዞ ሄዶ ነበር። ልጅ አዝሎ የሚጓዝበት መንገድ ሳይቀረጽ ቀረ።

«ቀረ እንዴ? ታዲያ ጋሼስ?» አለች መቀስ።

ፕሮዲዩሰሩ ሳቀባት። «እስቲ አስቢው፤ የታመመ ልጅ የታቀፈች እናት በዝናብ ቆማ ማነው አትክፈትላት የሚል? አንድም ሰው ቀዩን አይነካም። ማንም ለማይሄድበት መንገድ ለምን እንጨነቃለን? ደግሞ አንቺ መቀስ አይደለሽም? አንድ ነገር ፍጠሪ!»

ፈጠረች። በልምምድ ላይ ሳሉ ሳይታሰብ የተቀረጸ ቁራጭ አገኘች፤ ተዋናዩ አፍንጫው ላይ ያረፈች ዝንብ ለማባረር ራሱን ሲወዘውዝ። ዝንቧ አትታይም። የዝናብ ድምፅ ጨመረችበት፣ የእናትየውን ፊት አስገባች፣ ከዚያ በሩ ወደሚከፈትበት ቀጠለችው። ቀዩን የሚጫን ተመልካች ጠባቂው «አይሆንም» ብሎ ራሱን ሲነቀንቅ ያያል፤ ከዚያ ልቡ ራርቶ ይከፍታል። ሁለቱም ቁልፎች የሚወስዱት ወደ አንድ በር ሆነ። ስፌቱን ደጋግማ አየችው፤ እንከን አልነበረውም።

አጎቷ ደውለው «የእኔና የአንቺ መንገድ እንዴት ሆነ?» ሲሏት «ቆንጆ ሆኗል ጋሼ» አለቻቸው። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ጆሮዋ ጋለ። ግን ሥራ በዝቶባት ነበርና ረሳችው፤ የረሳች መሰላት።

ፊልሙ እሁድ ከሰዓት በኋላ ተመረቀ። አጎትየው የተተኮሰ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ጎረቤቶቻቸውንና ከየሥራ ቦታው የጠሯቸውን የቀድሞ ተማሪዎቻቸውን አስከትለው መጡ። መቀስ ከአዳራሹ ኋላ፣ ከፍ ብሎ ባለው የማሳያ ክፍል ውስጥ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጣ በትንሿ መስኮት ታያለች። ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት አጎቷን መድረክ ላይ አወጧቸው።

«ልጆቼ» አሉ አጎትየው፣ ድምፃቸው እንደ መምህርነት ዘመናቸው ጠርቶ፤ «እኔ የትም የማያደርስ መንገድ ጽፌ አላውቅም። አረንጓዴውንም ቀዩንም ሳትፈሩ ተጫኑ። ሁለቱም የየራሳቸው አገር ያደርሷችኋል። ፊልሙን ያሰናዳችው ልጄ ናት። ስለ እሷ እኔ እምላለሁ።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና፣ መቀስ ጭብጨባውን ስትሰማ እሳት ላይ እንደተቀመጠ ሰው ተቁነጠነጠች። ያን ጊዜም ወርዳ ጆሯቸው ላይ አንድ ቃል ማለት ትችል ነበር። ማንም ቀዩን አይነካም አለች ለራሷ።

የድልድዩ በር ጋ ሲደርሱ ፊልሙ ቆመ። ሕዝቡ ተጫነ። መምህራቸው ስለ መንገድ ሲናገሩ የሰሙት ተማሪዎች መጽሐፉን በልጅነታቸው ያነበቡ ናቸው፤ ያን ልጅ ማዘል በዓይናቸው ሊያዩት ነው የመጡት። ቀዩ አሸነፈ።

ጠባቂው ራሱን ወዘወዘ። ከዚያ በሩን ከፈተ።

«እንዴ፣ አትክፈት አላልንም?» አለ አንድ ድምፅ። ከኋላ ሳቅ ተሰማ። «ጋሼ! መንገዱ የታለ?» አለ ሌላው፤ በቀልድ ነበር፣ ግን ሳቁ ተዛመተ።

አጎትየው ብድግ አሉ። «ታገሱ፣ ታገሱ! ማሽኑ ነው! ልጄ እላይ ናት፤ አሁን ታስተካክለዋለች» አሉና ወደ ማሳያው ክፍል መስኮት ዞረው እጃቸውን አወዛወዙላት።

መቀስ ጎንበስ አለች። ከመስኮቱ በታች፣ ኬብሎቹ መሃል ተንበረከከች። ፊልሙ እላይዋ ላይ እየሄደ፣ የድልድዩ ጣውላ እየተንቋቋ፣ አጎቷ ተስፋ ቆርጠው እስኪቀመጡ ድረስ አልተነሳችም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስታዋ ነበር።

ሲያበቃ ፕሮዲዩሰሩ ማይክ ይዞ «ትንሽ የቴክኒክ ችግር ነበረብን» አለ። መቀስ በጓሮው ደረጃ ወረደችና ሕዝቡ እስኪወጣ መግቢያው ላይ ከቆመው ትልቅ የፊልሙ ማስታወቂያ ሥዕል ኋላ ቆመች። አጎቷ በሩ ላይ ቆመው የሚወጣውን ሁሉ እጁን እየጨበጡ ይሸኛሉ። «ይቅርታ አድርጉልን፣ ማሽኑ ነው። ልጅቷ ምን ታድርግ፤ ይቅርታ።» አንድም ሰው አልዘለሉም። ዞር ሲሉ አዩዋትና መጥተው ትከሻዋን ያዙ። «አይዞሽ። ማሽን ነው፣ ማሽን ሰው ያዋርዳል። አንገትሽን አትድፊ።»

«እሺ ጋሼ» አለች። ከዚያ ሁሉ ያቃጠላት ይህ የራሷ «እሺ» ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ቤታቸው ሄደች። አጎቷ ስልክ ላይ ነበሩ፤ አንዱን ተማሪያቸውን «የሚመጣው እሁድ ተመልሰህ ና፣ ማሽኑ ይሠራል» ይሉታል። ከእሱ በፊትም ሌሎቹ ጋ ደውለው ነበር። ጨርሰው እስኪዘጉ በሩ ላይ ቆመች።

«ማሽኑ አልተበላሸም ጋሼ።»

«እና ምንድነው?»

«መንገዱ የለም። አልተቀረጸም። ጠባቂው ራሱን የነቀነቀው ዝንብ ሲያባርር ነው። የቀጠልኩት እኔ ነኝ።»

አጎትየው መነጽራቸውን አወለቁ። «ዝንብ?»

«ዝንብ።»

«በሩ ላይ ቆሜ ማሽኑ ነው ስል አንቺ የት ነበርሽ?»

«እዚያው።»

«ትሰሚኝ ነበር?»

«እሰማዎት ነበር።»

«እኔ እኮ ማልኩልሽ» አሉ፤ ድምፃቸው አልጨመረም። «ምነው ከመድረኩ በፊት አንዲት ቃል ብትነግሪኝ? ዛሬ አልተሳካልንም እል ነበር። ያ ምንም አልነበረም።»

አጎቷ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ስልኩን አነሱ። ቅድም የደወሉለትን ተማሪ መልሰው ጠሩት። «ስማኝ፣ ቅድም ያልኩህ ውሸት ነው። ማሽኑ ደህና ነው። መንገዱ የለም።» ዘጉ። ሌላውን ጠሩ። «የነገርኩህ ውሸት ነው።» ሌላውን ጠሩ። በአንዱም ላይ ስሟን አላነሱም፤ ውሸቱን የራሳቸው አድርገው ተናገሩት። መቀስ እጇን ጭኖቿ መሃል ከትታ ተቀምጣ ሁሉንም ሰማች። ቢሰድቧት በወደደች።

እሁድ ሲመጣ ፊልሙ ሊጀመር ሲል ማይኩን ይዛ መድረክ ላይ ወጣች። የመጨረሻው ምርጫ አንድ መንገድ ብቻ እንዳለው፣ ሌላው እንዳለ አስመስላ የሠራችው እሷ እንደሆነች ተናገረች። «ቀዩ ካሸነፈ ፊልሙን አቆማለሁ፤ የጎደለውን ከመጽሐፉ አነብላችኋለሁ።» ፕሮዲዩሰሩ ከዳር ሆኖ «አበደች እንዴ?» ሲል የፊት ወንበሮቹ ሰሙት።

ቀዩ አሸነፈ። መብራቱ በራ። የአጎቷን መጽሐፍ ገልጣ ማንበብ ጀመረች። ጥሩ አላነበበችም። የማይኩ ድምፅ አንዴ ያስተጋባል፣ አንዴ ይጠፋል። «ለዚህ ነው ቤቴን ጥዬ የመጣሁት?» እያሉ የወጡ አሉ። የቀሩት ግን ፀጥ ብለው አዳመጡ። ጠባቂው ደክሞት ድንጋይ ላይ ልጁን እንዳዘለ የሚቀመጥበት ቦታ ስትደርስ ገጹን አልፋ ቀጠለች። አጎቷን በዓይኗ ፈለገቻቸው። አልመጡም ነበር።

በማግስቱ ፕሮዲዩሰሩ «ሌላ ኤዲተር አግኝቻለሁ» አላት። «እሺ» ብላ ዕቃዋን ሰበሰበች።

አጎቷ ከሰነበቱ በኋላ ደውለው «ነገ ምሳ ነይ» አሏት። ምሳ ተበላ። ሳህኖቹን ስታጥብ አጎቷ ጎኗ ቆመው ያደርቃሉ።

«አነበብሽ አሉ።»

«አነበብኩ።»

«አንዱ ተማሪዬ ነበረ። ክፉኛ አነበበች አለኝ።»

«እውነቱን ነው።»

«ድንጋዩ ላይ የተቀመጥኩበትን ዘለልሽው።»

«ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለኝ።»

አጎትየው አንዱን ሳህን ደጋግመው ጠረጉት። «ይቅር ብዬሻለሁ። ግን አልደብቅሽም፣ እፍረቱ ገና አልለቀቀኝም። ከተማሪዎቼ አንዱን መንገድ ላይ ሳገኝ ፊቴን የማዞርበት ይጠፋኛል።»

«እኔንም አልለቀቀኝም ጋሼ።»

«እንግዲያው አብረን እንፈር፤ ምን ይደረጋል» አሉ፤ ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር ታየና ጠፋ።

በሩ ተንኳኳ። የታችኛው ቤት ጎረቤት ናቸው፤ በምረቃው ቀን ከአጎትየው ጎን የተቀመጡት። መቀስን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «ውይ፣ የፊልሟ ልጅ! ያ ማሽን ተሠራ ወይ የኔ ልጅ? ስንት ደክመሽ እንደዚያ ያዋርድሽ!»

አጎትየው ወደ እሷ አላዩም። ሳህናቸውን ይጠርጋሉ።

መቀስ እጇን በፎጣ አደረቀች። «ማሽኑ ደህና ነበር እትዬ» አለች። «እኔ ነኝ።»

«አንቺ? ምን አደረግሽ?»

አጎትየው ከጠረጴዛው ስር ወንበር ስበው ለጎረቤታቸው አስጠጉ። «ይቀመጡ፣ ነገሩ ረዘም ይላል» አሉ። መቀስም ፊታቸው ተቀምጣ፣ ጆሮዋ እንደ ፍም እየጋለ፣ ከዝንቧ ጀመረችላቸው።