ማንም ሳይሞት የተነፋው ጡሩምባ

ጋሽ ቢተው በወሎ ሰፈር የእድር ጡሩምባ ሲነፉ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ጡሩምባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ነው። ሰው ሳይሞት መንፋት ሞትን «ና ግባ» ብሎ መጥራት ነው፤ እሳቸውም ሰፈሩም የሚያምኑት ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ትግስት የምትባል ነርስ ከእርዳታ ድርጅት መጥታ፣ ወንዙ ዳር ቀይ ምልክት ያለው እንጨት አስተክላ፣ «ውሃው ቀዩን ከነካ ጡሩምባ ይንፉ፣ ሰው ዳገት ይውጣ» ስትላቸው ሊያባርሯት ምንም አልቀራቸውም። ልጅቷ ግን የዋዛ አልነበረችም። ክረምቱ ሳይገባ እድርተኛውን ሰብስባ ገመድ መወርወር፣ በሽተኛ በቃሬዛ ማውጣት አስተማረች። ከዚያ ወደሳቸው ዞራ፣ «ጋሽ ቢተው፣ አምና ጎርፍ ለወሰዳቸው ሰዎች የነፉት ካለቁ በኋላ ነው። ቀድመው ቢነፉስ?» አለች። ከሞቱት አንዷ የእህታቸው ልጅ ነበረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንዝ እየወረዱ እንጨቱን ማየት ጀመሩ።

ጡሩምባው ለጎርፍ ሊነፋ ነው የሚለው ወሬ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ኃይለኪሮስ ጆሮ ደረሰ። ሰፈሩ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት አጥሩን እየቀባ፣ መፈክር እየሰቀለ ነው። በስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ «ሰው ሳይሞት ጡሩምባ ነፍቶ ሕዝብ የሚያሸብር አብዮታዊ እርምጃ ይወሰድበታል!» አለ። ይህ ቃል በዚያ ዘመን ቀልድ አልነበረም።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ቦሌ ፀሐይ ነበር፤ እንጦጦ ግን ጠቁሯል። ጋሽ ቢተው ወንዝ ወርደው ቢያዩ ቀዩ ምልክት ውሃ ውስጥ ገብቷል። ፈሩ። ቀጥሎ ደግሞ ተናደዱ፤ ሰው እንዳይሞት ለመጮኽ ፈቃድ የሚጠየቅበት አገር!

ነፉ። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶች ጋቢያቸውን እየጎተቱ ወጡ።

«ማን አረፈ?» አለች የሺአረግ፣ የእድሩ ሰብሳቢ።

ጋሽ ቢተው ጎርፍ ነው ቢሉ ሁሉም ዶሮውንና ብርድ ልብሱን ልሰብስብ እንደሚል ያውቃሉ። ለቅሶ ግን ማን ይቀራል?

«ለቅሶው ዳገቱ ላይ ነው! ፍጠኑ!»

ሰው ተግተለተለ። ከአልጋ መነሣት የማይችሉትን እማሆይ ወለተማርያምን ሁለት ጎረምሶች በቃሬዛ አወጧቸው። የመጨረሻው ሰው ዳገቱን ሲይዝ ውሃው እንደ ግድግዳ ቆሞ መጣና አሥራ አንድ ቤት ጠርጎ ሄደ።

ሊቀመንበሩ ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር ደረሰ። «ሰው ሳይሞት ነፋህ!» አለ፣ ሽማግሌውን አንተ እያለ።

«አዎ! ነገም ውሃው ከመጣ እነፋለሁ!»

እየገፉ ወስደው ቀበሌ ዘጉባቸው። ጡሩምባውንም ቀሟቸው። ጋሽ ቢተው ጨለም ባለችው ክፍል ተቀምጠው፣ በቃ አበቃልኝ ብለው ጸሎት ጀመሩ። አሥራ አንዱን ቤት ሲያስቡ ግን አልጸጸታቸውም።

ወዲያው ከደጅ የመዶሻ ድምፅ ሰሙ። ካስማ የሚመታ መዶሻ ነው፤ የእድሩ ድንኳን የሚተከልበት ድምፅ አይጠፋቸውም። ቀጥሎ አግዳሚ ወንበሩ ሲጎተት፣ የሰው ኮቴ ሲበዛ ተሰማ።

«እዚህ ደጃፍ ምን ታደርጋላችሁ? ማን ሞቷል?» ብሎ ጮኸ ኃይለኪሮስ።

«እስካሁን ማንም አልሞተም፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለች የሺአረግ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። «ጋሽ ቢተውን እስክታወጣልን ግን እዚሁ ተቀምጠናል።»